የሚስ ሙት ዓመት፦ ስምንት ቀን በኬረላ

ጥር 6፣ አዲስ አበባ

«ከተራ እየደረሰ አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ዛሬ አየሁ» አለች እናቴ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ እኔ ዚፑን ስጎትት። ትንሽ ቆየችና ደግሞ «ግን ሂጂ፤ ከኛ ወገን አንድ ሰው መቆም አለበት» አለች። ከኛ ወገን የምትላቸው በ1960 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተኑትን ሴቶች ልጆች ነው። ስድስት ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስቱ ናቸው፤ ከሦስቱ ደግሞ የአውሮፕላን ደረጃ የሚወጣ ጉልበት ያላት የለችም።

ሚስ የሂሳብ አስተማሪያቸው ነበሩ። በቤታችን «ሚስ» ማለት አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እውነተኛ ስማቸውን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ከነባለቤታቸው በ1954 ዓ.ም. ከህንድ፣ ከኬረላ ግዛት መጥተው፣ አሥራ አራት ዓመት አስተምረው፣ አብዮቱ ከመጣ በኋላ በ1968 ተመለሱ። ያኔ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሂሳብና ሳይንስ ይዞ የሚገባው ብዙ ጊዜ ህንድ ነበር። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ የህንድ አስተማሪ አያጣም፤ አነጋገራቸውን እያስመሰለ ያስቃችኋል፣ አልጀብራውን ማን እንዳስተማረው ስትጠይቁት ግን ሳቁን ያቆማል። አብዛኞቹ ከአንዲት ከኬረላ መምጣታቸውን አናውቅም። ለኛ ህንድ ህንድ ነው።

እናቴ የምትነግረን ሚስ ሳሪ ላይ የወንድ ካፖርት ደርበው፣ በነጠላ ጫማ ካልሲ አድርገው፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ እየተንቀጠቀጡ የሚያስተምሩ፣ ለስላሳ፣ ለደሃ ልጅ የሚራሩ ሴት ናቸው። አምና ጥር ላይ በ90 ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው የእናቴን ደብዳቤዎች ከአንድ ሳጥን ውስጥ አግኝታ፣ ስሟን ፌስቡክ ላይ ስትፈልግ የእህቴን ልጅ አገኘች። በዚያው ተያያዝን፤ ሙት ዓመቱ ጥር 10 ነው አለችን።

ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ኪሎ ጥሬ ቡና፣ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ ለቅዳሴው የማደርገው ነጭ ቀሚስና ነጠላ አለ። የደብረ ብርሃኑን ፎቶግራፍ ግን በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩት። ደግ አደረግኩ።

ጥር 7፣ ሙምባይና ኮቺ

ወደ ህንድ ስትገቡ መድረሻችሁ የትም ይሁን፣ መጀመሪያ በረገጣችሁት ከተማ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ በጉምሩክ አልፋችሁ ለአገር ውስጡ በረራ እንደገና ማስረከብ አለባችሁ። እኔም ሙምባይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ቀበቶው ሲዞር ሲዞር ቆይቶ የቀረችው በገመድ የታሰረች የማላውቀው ሰው ካርቶን ብቻ ሆነች። ቅጽ ሞላሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዘ፤ እኛ ዘንድ «እንጃ» የሚያስብል ነው፣ እዚያ ግን «እሺ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሦስት ቀን አሉኝ። ሦስት ቀን ማለት ልክ የቅዳሴው ዕለት።

ኮቺ ስደርስ መሽቶ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ በዓለም የመጀመሪያው ነው ይሉታል። እኔ ግን የምፈልገው የጥርስ ብሩሽ ነበር። ፎርት ኮቺ የሚባለው ሰፈር በ1,800 ሩፒ የእንግዳ ማረፊያ ያዝኩ። ያን ሰሞን አንድ ሩፒ አንድ ብር ከሃምሳ ገደማ ስለነበር 2,700 ብር መሆኑ ነው። ለንጹሕ ክፍል፣ ለሚሠራ ሻወርና ለቁርስ አዲስ አበባ ላይ በዚህ ዋጋ የሚሰጠኝ ካለ አድራሻውን ንገሩኝ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበረና ጾም ነው ብዬ ሳልጨርስ ባለቤቷ በሙዝ ቅጠል ላይ ወፍራም ቀላ ያለ ሩዝ፣ በኮኮናት የተሠራ ጎመን፣ የምስር መረቅና የማንጎ አቻር ደረደረችልኝ። እሷም ከኛው እምነት ስለሆነች ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ ልታመጣልኝ ስትል በቀኝ እጄ ጠቅልዬ ጎረስኩና ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ የእንግዳ ነገር አልነበረም።

ጥር 8፣ በጀልባ ወደ ኮታያም

ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ዞርኩ። ቅዱስ ፍራንሲስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ እ.ኤ.አ. በ1524 የሞተው ቫስኮ ዳ ጋማ ተቀብሮበት የነበረው ቦታ በአጥር ተከልሏል፤ አስከሬኑን በኋላ ወደ ሊዝበን ወስደውታል። ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ እያነሳ ያልፋል። እኔ ያሰብኩት ልጁን ክሪስቶፎር ዳ ጋማን ነው፤ አራት መቶ ሰው ይዞ ከጎዋ በምፅዋ በኩል ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1542 በግራኝ አሕመድ እጅ አንገቱን የተቀላውን። አባት እዚህ፣ ልጅ እኛ ዘንድ። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው መንገድ እኔ የማስበውን ያህል አዲስ አይደለም።

ከፎርት ኮቺ በአውቶቡስ አላፑዣ ወረድኩና የመንግሥቱን ጀልባ ተሳፈርኩ። የሚስ ልጅ ወደምትኖርባት ወደ ኮታያም ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ቲኬቱ ሠላሳ ሩፒ አይሞላም። ጎን ለጎን ቱሪስት የጫኑ ጣራቸው በቅጠል የተሠራ ትልልቅ የጀልባ ቤቶች ያልፋሉ፤ ለአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠር ሩፒ ያስከፍላሉ። የኛ ጀልባ ግን የጫነው ተማሪ፣ ጋዝ ሲሊንደር የያዘ ሰውዬና ዘንቢል ሙሉ ዓሣ የያዘች ሴት ነው። ቬምባናድ የሚባለውን ሐይቅ አቋርጠን ወደ ቦዩ ስንገባ ግራ የሚያጋባ ነገር አየሁ፤ የሩዝ ማሳው ከውኃው በታች ነው። ጀልባው ላይ ሆናችሁ ገበሬውን ቁልቁል ታዩታላችሁ። ኩታናድ የሚባለው ይህ አገር ከባሕር ጠለል በታች የሚታረስ ነው፤ ውኃውን በግድብ ይዘው፣ በፓምፕ እያወጡ ያርሱታል። ጣና ላይ ያደገች ጓደኛዬ ብታየው እግዚኦ ትል ነበር።

ወደቡ ላይ አንዲት ነጭ ፀጉሯን ያስረዘመች ሴት በሁለት እጇ እያውለበለበች «ነይ! ቶሎ ነይ! ምን ያንቀረፍፍሻል!» አለችኝ። በአማርኛ። ደብረ ብርሃን በ1957 ዓ.ም. የተወለደችው የሚስ ልጅ ናት። አገሩን የለቀቀችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ስለሆነ አማርኛዋም እዚያው አሥራ አንድ ዓመት ላይ ቀርቷል፤ የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ፣ የልጅ ስድብ፣ «እሺ እማማ» ፣ «ውሻው ይነክሳል»። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። ስድሳ ዓመት ለሞላት ሰው አንቺ ማለት ለኔ ከብዶኝ ስንተባተብ «አንቺ በዪኝ፣ አለዚያ አልሰማሽም» አለች። በነሱ ወግ ቼቺ አልኳት፣ ታላቅ እህት ማለት ነው። ሚስን የልጅ ልጆቹ አማቺ ይሏቸዋል።

ሦስት ጎማዋን ተሽከርካሪ «ባጃጅ» ብዬ ስጠራ ሹፌሩ አልገባውም። እዚያ «አውቶ» ነው የምትባለው። መነሻ ታሪፏ ያን ሰሞን ሠላሳ ሩፒ ነበር፤ ቆጣሪም አላት፣ ቆጣሪዋም ይሠራል! ባጃጅ ተሠርታ የምትመጣበት አገር ደርሼ ባጃጅ ማለት እንደማይገባቸው ማወቄ ትንሽ አሳዘነኝ።

ማታ የበላነው የተቀቀለ ካሳቫ በዓሣ ወጥ ነው። ካሳቫ ወላይታና ጋሞ ቀምሻለሁ፤ እዚህ ግን ዓሣው በጭስ የደረቀ ጎምዛዛ ፍሬ ገብቶበት ቀይና የሚያቃጥል ስለሆነ፣ ዓይኔን ብጨፍን የእናቴ ወጥ ቤት ነበርኩ ማለት እችላለሁ።

ጥር 9፣ የሚስ ጎማ ዛፍ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቼቺ ቀሰቀሰችኝ። የጎማ ዛፉ ወተት በደንብ የሚፈሰው አየሩ ሳይሞቅ ነውና ቆራጩ ጨለማ ሳለ ነው የሚጀምረው፤ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል። በተቆለመመች ቢላዋ ከቅርፊቱ ላይ በጣም ስስ ልጣጭ በሰያፍ ያነሳል፤ ነጩ ወተት በመስመሩ ተንሸራትቶ ግማሽ የኮኮናት ቅል ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ቢላዋው ትንሽ ከጠለቀ ዛፉ ይጎዳል። ዕጣን ሲፈቀፈቅ ላየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንም፤ አንድ ቀን ቆርጦ አንድ ቀን ማሳረፍ መኖሩ ሳይቀር ዛፉን እንደ ታላቢ ላም ያስመስለዋል። ረፋዱ ላይ ወተቱ ተሰብስቦ፣ ትንሽ አሲድ ገብቶበት በሳህን ይረጋል፤ በእጅ በሚዞር መዳመጫ ተዳምጦ እንደ አንሶላ ይሰጣና በጭስ ቤት ይደርቃል። ያን ሰሞን ኪሎው 190 ሩፒ አካባቢ ነበር።

የሚስ መሬት ሁለት ሄክታር እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት ኤከር ብቻ ነው፤ ሄክታር እንኳ አይሞላም። የተገዛው ግን በኢትዮጵያ ብር ነው። ሚስ በ1968 ሲመለሱ የባላቸው ዘመዶች ገንዘቡ ቤት ይሠራበት፣ መሬት ከተገዛም በባል ስም ይሁን አሉ። ሚስ በራሳቸው ስም ገዙና ጎማ ተከሉ። ጎማ ተተክሎ ለመቆረጥ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ሰባት ዓመት ምን ተበልቶ? በረንዳቸው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው ለአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ማስጠናት ጀመሩ። የህንድ የጎማ ቦርድ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ኮታያም ነውና ሄደው ችግኝ ማዳቀል ተማሩ። አር አር አይ አይ 105 የሚባለው ብዙ ወተት የሚሰጥ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ገበሬው ሁሉ ይሻማበት ነበር፤ ሚስ በጓሯቸው በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ችግኝ እያዳቀሉ ለጎረቤት ሸጡ። የራሳቸው ዛፍ ሳይታለብ በሌላው ሰው ዛፍ ኖሩ ማለት ነው።

«ነጋዴው እማማን ሲያያት ሚዛኑን ራሱ ያስተካክል ነበር» አለች ቼቺ። የገዛ ወንድሟ ከኩዌት ተመልሶ ሱቅ ልክፈት ሲል ሚስ አበደሩት፤ በስድስት በመቶ ወለድ፣ በፊርማ። «ለልጇ?» አልኩ። «ለልጇ። አንድ ወር ሲያሳልፍ ቅጣት ጨመረችበት።»

እኔ የማውቃቸው ሚስ እነዚህ አልነበሩም። የሰው አገር ሄጄ የሌላ ሰው ሙት ዓመት ልበላ ነው እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ።

ጥር 10፣ ቅዳሴው

ሻንጣዬ አልመጣም። ቼቺ ምንም ሳትል ከቁም ሣጥን የሚስን ሳሪ አወጣች፤ ነጭ ጥጥ፣ ዳሩ ላይ የወርቅ ቀለም ጥለት። እነሱ ካሳቩ ይሉታል። ከሩቅ ያየኝ ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት ይመስለዋል። የማልበሱን ነገር ግን ሦስት ሴቶች ተረባርበው ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ በስድስት መርፌ ቁልፍ ተያይዤ ስሄድ እንደ ሙሽራ ቀስ እያልኩ ነበር።

የነሚስ ቤተ ክርስቲያን፣ የማላንካራ ኦርቶዶክስ፣ ከኛ ጋር አንድ እምነት ናቸው፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አባቶች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ የነሱም ካቶሊኮስ፣ እንደኛ ፓትርያርክ ማለት ነው፣ መጥተው ነበር። ይህን በወረቀት ማወቅና በር ላይ ጫማ አውልቆ፣ ፀጉር ሸፍኖ፣ በሴቶች በኩል መቆም ይለያያል። ቋንቋው ማላያላም ነው፣ መሐል መሐል ሱርስት ይገባበታል። አንድ ቃል አልገባኝም። ድንገት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኪርያላይሶን» አለ። አፌ ከኔ ቀድሞ መለሰ። አጠገቤ ያሉት አሮጊት ዞር ብለው አዩኝና መጽሐፋቸውን ወደኔ አስጠጉት፤ የማነብ መስሏቸው ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ መቃብሩ ላይ ዕጣን አጠኑ። ከዚያ ሁለት መቶ ሰው ያህል ለምሳ ተቀመጠ። ተዝካር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ልዩነቱ ጠላ አለመኖሩ፣ ደግሞም ሰዉ በልቶ ወዲያው መነሳቱ ነው። እኛ ዘንድ ተዝካር ላይ በልቶ ወዲያው የተነሳ ሰው ተቀይሟል ይባላል።

ተናገሪ አሉኝና ፎቶግራፉን አውጥቼ የእናቴን ታሪክ ተናገርኩ። የሚኒስትሪ ፈተና ጠዋት ሚስ ስድስቱን ልጃገረዶች በር ላይ ጠብቀው ለእያንዳንዳቸው አንድ የተቀቀለ እንቁላል ሰጡ። «ባዶ ሆድ አይደምርም» አሏቸው። እናቴ ይህን በተናገረች ቁጥር ድምፅዋ ይሰበራል። አዳራሹ ግን ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ ግን ሳቁ። የኩዌቱ ልጅ እንባውን እየጠረገ «አማቺ እንቁላል በነጻ? ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዶሮ ነበራት፤ ለአስተማሪዎቹ ሁሉ ትሸጥ ነበር። አባባ እንኳ ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው» አለ። ተቀመጥኩ። ሩዙ አልወርድ አለኝ።

ጥር 11፣ ጥምቀት በኮታያም

እነሱ ጥምቀትን ያከበሩት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። አዲስ አበባ ታቦታቱ ከጃንሜዳ ሲመለሱ እኔ ኮታያም ላይ ፀጥ ባለ እሑድ ተነሳሁ። እህቴ የላከችልኝን ቪዲዮ በስልክ ለቼቺ ሳሳያት «እናቴ ነጠላ አልብሳኝ ወንዝ ድረስ እንሄድ ነበር» አለችና ዝም አለች።

የድሮው ሴሚናሪ የሚባለው የካህናት ማሠልጠኛ ወሰደችኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1815 የተመሠረተ ነው። ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ የተቀበሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ተራ አስተማሪ ሆነው ነበር፤ አማርኛ ተምረው በኋላ በጃንሆይ ዘንድ ሠርተዋል፣ ኋላም የዴልሂ ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) ሆኑ። መቃብራቸው ላይ ቆሜ በሆዴ በአማርኛ ሰላም አልኳቸው።

ኮታያም የፊደል ከተማ ነኝ ትላለች፤ አትዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከህንድ ከተሞች መሐይምነትን ሙሉ በሙሉ አጥፍታለች የተባለች የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ ማተሚያ ቤት የገባባት ደግሞ በ1821 ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ሰዉ ሁሉ ጋዜጣ ይዟል። ነገር ግን አንዱን ገጽ አንስቶ ሌላውን ለማያውቀው ሰው ያቀብላል፤ በአንድ ጋዜጣ አራት ሰው ያነባል።

ማታ ሻንጣዬ መጣ። ስከፍተው በርበሬው ፈንድቶ ነጩ ቀሚሴ የበርበሬ ድልህ መስሏል። ቼቺ አጎንብሳ አሸተተችና አስነጠሳት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቀሚሱን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው። «የውድነሽ ቤት» አለች በአማርኛ። ውድነሽ ማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም።

ጥር 12፣ ደብተሩ

ጠዋት በብረት ምጣድ፣ በኮኮናት ቅርፊት ከሰል ቡና ቆላሁ። ጎረቤት መጥቶ ተቀመጠ። ሦስተኛውን ሲኒ የጠበቀ አልነበረም፤ ሁለተኛውን ሲጨርሱ እያመሰገኑ ተነሱ። ተዝካሩን አስታወሰኝ።

ቀሪውን ቀን ከሳጥኑ ጋር አሳለፍን። መጀመሪያ የወጣው የአደራ ደብዳቤ ቅጂ ነው። ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ሕግ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. የ1916ቱ የትራቫንኮር ሕግ፣ አባት ሳይናዘዝ ከሞተ ለክርስቲያን ሴት ልጅ የሚደርሳት የወንዱ ድርሻ ሩብ ወይም አምስት ሺህ ሩፒ ነው ይል ነበር፤ ከሁለቱ ያነሰው። ከወላጆቿ ጥሎሽ ተሰጥቷት ካገባች ያም አልነበረም። ይህን ሕግ ያስወደቀችው የኮታያሟ የትምህርት ቤት መሥራች ሜሪ ሮይ ናት፤ ወንድሟን ከሳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1986 በጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸነፈች። ፍርዱም ከ1951 ጀምሮ ወደኋላ ይሠራል ተባለ። ብዙ ሴቶች ግን ወንድም ይቀየማል ብለው አልጠየቁም።

ሚስ ጠየቁ። አልከሰሱም። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ሁለት ገጽ ስሌት። አባታቸው የተዉት መሬት፣ አምስት ልጆች፣ የየአንዳንዱ አንድ አምስተኛ፣ ያለፉት ዓመታት የኮኮናት ምርት ሲታሰብ የሚደርሳቸው። መጨረሻ ላይ «ስህተት ካገኘህ አሳየኝ» ይላል። ወንድምየው ከሦስት ዓመት በኋላ አርባ ሴንት መሬት ሰጧቸው፤ ሴንት የኤከር መቶኛ ነው፣ አርባው ወደ 1,600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቼቺ አሁን ቤቷን የሠራችው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ ግን ለአሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። «ትክክል ነበረች» አለች ቼቺ፤ «ግን ወንድሟ ሞተ ስትባል የሄደችው ለቀብር ብቻ ነው። እሱን አትርሺ፣ ስትጽፊ ጻፊው።» ጻፍኩት።

ከዚያ የደብረ ብርሃን የሂሳብ ደብተሮች። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ በየወሩ፣ አሥራ አራት ዓመት። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ብር ሦስት ሩፒ ገደማ ነበር፤ ስሌቱን በየገጹ ግርጌ ይሠሩታል። እኔ አንዱን ሩፒ በብር ከሃምሳ ገዝቼ መጥቼ ይህን ማንበብ ደስ አይልም። የእንቁላሉ ገጽ ለብቻ ነው፦ የተጣለ፣ የተሸጠ፣ ለቤት፣ ብልሽት። ብልሽት የሚለው ዓምድ ዓመቱን ሙሉ ዜሮ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሰኔ 1968 እ.ኤ.አ. (በኛ 1960) ላይ፦ 6።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«እሱማ የሰኔ ነጎድጓድ ነው» አለች። «ዶሮዎቹ ሲደነግጡ እንቁላሉን ይሰብሩታል ትለው ነበር ለአባባ። በየዓመቱ ሰኔ።»

ሌሎቹን ደብተሮች ገለጥን። ሰኔ 1969፦ 4። ሰኔ 1970፦ 9። ሌላው ወር ዜሮ ነው፤ ነጎድጓዱ የሚበረታበት ሐምሌ ሳይቀር። ቼቺ ጣቷን ከዓምዱ ላይ ሳታነሳ ቆየች። «ፈተናው መቼ ነበር ያልሽው?» አለችኝ።

ለወንድሟ ደወለች። በማላያላም ስለሆነ አልገባኝም፤ እሱ ረዥም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ ሁለቱም እየተቀባበሉ ይስቁ ጀመር፤ ነጎድጓድ እንዴት እንደሚባል በዚያ ተማርኩ። ኢዲ።

ጥር 13 እስከ 15፣ መልስ

ቼቺ ለመንገድ የሙዝ ቺፕስ፣ ቁንዶ በርበሬና ሄል ከጓሮዋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናቴን ደብዳቤዎች በጎማ ክር አስራ ሰጠችኝ። የጎማ ክሩም የራሳቸው ዛፍ ነው አለች፤ ቀልድ ይሁን እውነት አላውቅም። ሻንጣው በዚህኛው ጉዞ በሰላም ደረሰ።

እናቴ እንቁላሉን ስነግራት እንደ ህንዶቹ አልሳቀችም። «ከባላቸው ደብቀው ነው?» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ደብዳቤዎቹን ፈታች። ከ1969 እስከ 1999 ዓ.ም. የተጻፉ ናቸው፤ ባንክ የመቀጠሯ፣ የማግባቷ፣ የኔ መወለድ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ሁሉም ላይ ቀይ እስክሪብቶ አርፎባቸዋል። «ዘ» የምትለዋ አርቲክል በረሳችበት ሁሉ ገብታለች፣ ግሥ ተስተካክሏል፣ የኔ መወለድ የተነገረበት አረፍተ ነገር «በጣም ረዝሟል» ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። በየደብዳቤው ግርጌ ደግሞ ውጤት አለ። የመጀመሪያው ስድስት ከአሥር። ሲሄድ ሲሄድ ሰባት፣ ሰባት ተኩል። የመጨረሻው ስምንት ተኩል።

እናቴ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው።

«ሠላሳ ዓመት ጽፌ ዘጠኝ እንኳ አልሞላሁም?» አለች። «የትኛው ላይ ነው የቀነሱብኝ?» መነጽሯን መልሳ አድርጋ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀመረች።